ቀዝቃዛ አየር ለፈረስ ቤት ዳገት

ፍኖተ ሰላም የማስተምርበት ትምህርት ቤት ለጊዜው በተዘጋበት ሰሞን ሥራ ስለፈታሁ መኪና ሲጠገን ቆሜ አይ ነበር። መጀመሪያ ማየት ብቻ ነበር፤ በኋላ መፍቻ ማቀበል ጀመርኩ፤ በመጨረሻ ራሴም ኮፈኑ ሥር ገባሁ። የኬሚስትሪ መምህርት ነኝ። ትውልዴ መራዊ ነው፤ የምኖረው ግን ፍኖተ ሰላም፣ ጡረታ ከወጡ አንድ ሾፌርና ከባለቤታቸው ግቢ ውስጥ በተከራየኋት ክፍል ነው። ባልየውን ጋሼ፣ ሚስትየዋን እትዬ እላቸዋለሁ፤ እዚህም እንደዚያው እጠራቸዋለሁ።

መኪናዋ የጋሼ ናት። አሮጌ የመስክ መኪና ናት፤ ከመሬት ከፍ ያለች፣ አራቱም ጎማዎቿ የሚጎትቱ፣ ናፍጣ የምትጠጣ። ጋሼ በመንግሥት ሥራ ላይ ሳሉ ለብዙ ዓመታት ነድተዋታል። መሥሪያ ቤቱ አርጅታለች ብሎ በጨረታ ሲያወጣት ተጫርተው የገዟት እሳቸው ናቸው። ጠዋት ጠዋት ሞተሯን አስነስተው፣ ኮፈኗን ከፍተው፣ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ያዳምጧታል። ምን እንደሚሰሙ ጠይቄያቸው ነበር። ጤንነቷን ነው ብለውኛል።

መኪናዋ የምትፈለገው ለአንድ መንገድ ነው። ለጋሼ ከወንድምና ከእህቶቻቸው መካከል በሕይወት የቀሩላቸው ታላቅ እህታቸው ብቻ ናቸው። የሚኖሩት ደጋ ዳሞት ውስጥ፣ ከፈረስ ቤት አልፎ አውቶቡስ በማይደርስበት ቀበሌ ነው። ጋሼ የእህታቸውን የደም ግፊት መድኃኒት ከፍኖተ ሰላም ገዝተው፣ ሳሙናና ጨው ጨምረው፣ ወር በመጣ ቁጥር ይዘው ይሄዳሉ። በአውቶቡስ ፈረስ ቤት መድረስ ይቻላል፤ ከዚያ በኋላ ያለው የእግር መንገድ ግን ለጋሼ ቀኝ ጉልበት አይሆንም። ስለዚህ መኪናዋ ከሌለች እህታቸውን ማየት አይችሉም። ይህን እትዬም ያውቃሉ፣ ጎረቤቱም ያውቃል።

ችግሩ ዳገቱ ነው። ፈረስ ቤት ከመድረሱ በፊት የጠጠር መንገዱ ገደሉን ታኮ እየተጠማዘዘ የሚወጣበት ቦታ አለ። ባለፈው ክረምት መግቢያ መኪናዋ እዚያ ላይ ጥቁር ጭስ ስትተፋ ቆይታ ሞተሯ ጠፋ። ሞተር ሲጠፋ ፍሬን ይደነድናል፤ የፍሬኑን መርገጫ የሚያቀልለው ጉልበት የሚመጣው ከሞተሩ ስለሆነ፣ ሞተሩ ከጠፋ በኋላ የሚታገለው የሾፌሩ እግር ብቻውን ነው። የጋሼ እግር ደግሞ ያ የታመመው ነው። መኪናዋ እትዬን እንደያዘች ወደ ኋላ ተንሸራተተች። መንገድ ዳር የነበረ የአፈር ክምር ባይዘው ኖሮ የኋላው ጎማ የት ይደርስ እንደነበር ሁለቱም አይናገሩም።

ከዚያ ቀን ወዲህ እትዬ ትሸጥ ይላሉ። አይጮኹም፣ አይከራከሩም። ምሳ ሲቀርብ፣ ልብስ ሲሰጣ፣ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ፣ ትሸጥ።

ገዢም ተገኘ። ቡሬ ውስጥ እህል የሚነግድ ሰው ነው። የገጠር ገበያ ለገበያ የሚዞርባት መኪና ይፈልጋል፤ ጋሼ መኪናቸውን እንዴት እንደሚይዟት ስለሚያውቅም ሌላ አላማረውም። አንድ ቅዳሜ መጥቶ ምሳ ቀረበለት፤ እኔም ተጠርቼ ነበር። ጋሼ መኪናዋ ምንም አልሆነችም፣ ትንፋሽ አጥሯት ነው እንጂ ብለው ብዙ ካወሩ በኋላ እጃቸውን ታጠቡና እንዲህ አሉ፦

«ያንን ዳገት ባለቤቴን አስቀምጬ መኪናዋ ሳትቆም ከወጣች አልሸጥም። ከቆመች ያንተ ናት፤ ሁለተኛ አልነዳትም።»

ነጋዴው ሳቀ። «ጋሼ፣ ብትወጣ ዋጋዋን ይጨምሩብኛል፤ ብትቆም ጎትተህ ውሰዳት ይሉኛል። እኔ ምን ተጠቀምኩ?»

«ምሳ በልተሃል» አሉት እትዬ። ከዚያም ወደኔ ዞረው የተባለውን ሰምተሻል አይደል ብለው ጠየቁኝ። ሰምቻለሁ አልኩ።

የአየር መሳቢያው ነገር የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። አዲስ አበባ የሚኖረው ልጃቸው ለራሱ መኪና ገዝቶት ሳይገጥመው መኪናውን የሸጠበት አንድ ዕቃ ነበረው። አባቱ ስለ ትንፋሽ በስልክ ሲያወሩት ጊዜ ካርቶኑን በሚኒባስ ላከው። ካርቶኑን ግቢ ውስጥ ከፈትነው። እንደ ክርን የታጠፈ የሚያብረቀርቅ የአሉሚኒየም ቱቦ፣ ጥቁር የጎማ መገጣጠሚያዎች፣ ቱቦ ማሰሪያ ፋሼታዎች፣ አንድ የእንግሊዝኛ ወረቀት፣ እና እንደ መሶብ ክዳን ሾጠጥ ያለ ቀይ ፊልትሮ ነበረበት። እትዬ ፊልትሮውን አንስተው አገላበጡት።

«ታዲያ መሶቡ የታለ?» አሉ።

ወረቀቱን የማነብ እኔ ስለነበርኩ ማስረዳቱም የእኔ ሆነ። ማስረዳት ደግሞ አይከብደኝም። ሞተር የሚሠራው ነዳጅ ከአየር ጋር ሲቃጠል ነው። ከአየር ውስጥ የሚያስፈልገው ኦክስጅኑ ነው። አየር ሲሞቅ ይሳሳል፤ በአንድ ጣሳ ሙቅ አየር ውስጥ ያለው ኦክስጅን በአንድ ጣሳ ቀዝቃዛ አየር ውስጥ ካለው ያንሳል። የጋሼ መኪና አየር የምትስበው ከሞተሩ አጠገብ በተቀመጠ የላሜራ ሳጥን በኩል ነው፤ ሳጥኑ ይግላል፣ በውስጡ ያለው የወረቀት ፊልትሮ ደግሞ አቧራ ይጠግባል። አየር ሲያንስ ናፍጣው በቅጡ አይቃጠልም፤ ያልተቃጠለው ጥቁር ጭስ ሆኖ ይወጣል። አዲሱ ዕቃ ሳጥኑን አስወጥቶ፣ በሰፊ ቱቦ፣ ከሞተሩ ሙቀት ራቅ ካለ ቦታ ቀዝቃዛ አየር ያስገባል ማለት ነው።

ጋሼ በጥሞና ሰሙኝ። «እንግዲያማ ፈረስ ቤት ብርድ ነው፤ እንደ ልቧ ትጠጣለች» አሉ።

እዚህ ላይ ማረም ነበረብኝ። ደጋ አየሩ ቢቀዘቅዝም ከፍታው ራሱ አየሩን ያሳሳዋል፤ ስለዚህ በከፍታው የጠፋውን ቅዝቃዜው አይመልሰውም፣ ጥቂት ያግዛል እንጂ አልኳቸው።

«ደገኛው በዚያው በሳሳ አየር ያርስ የለም እንዴ መምህሯ?»

ያርሳል አልኩ። በዚህ ተስማምተን ሥራ ጀመርን።

አሮጌውን ሳጥን መፍታት ከጠበቅነው በላይ ጊዜ ፈጀ። ብሎኖቹ ዝገው ነበር፤ አንዱ ጭንቅላቱ ተበልቶ በፒንሳ ነው የወጣው። ሳጥኑን ጋሼ በጨርቅ ጠርገው፣ በከረጢት ጠቅልለው ቤት ውስጥ አስቀመጡት። ቱቦው ግን አልገጥም አለ። የተሠራው ለሌላ መኪና ስለሆነ ወደ ላይ ሲሉት ኮፈኑ አይዘጋም፣ ወደ ጎን ሲሉት ባትሪውን ይነካል። ያለው ምርጫ አንድ ብቻ ነበር፤ የፓራፋንጎውን፣ ማለትም የጎማ መሸፈኛውን፣ የውስጥ ላሜራ በስቶ ቱቦውን ወደ ታች ማውረድና ፊልትሮውን ከፊት ለፊት መከላከያ ብረቱ ጀርባ፣ ከቀኝ ጎማው አጠገብ ማስቀመጥ። በዚያ ሳምንት ፍኖተ ሰላም መብራት ስላልነበረ ተዘግቶ የነበረው መንገድ በተከፈተ ማግስት ቡሬ ወደሚያውቁት ብየዳ ቤት ሄድን። በያጁ ላሜራውን በትራፓኖ ቀዳዳ በቀዳዳ አድርጎ ዙሪያውን በሳው፣ ጠርዙን ሞረደ፣ ቱቦው እንዳይንቀጠቀጥ ከታች መያዣ በየደለት። ፋሼታዎቹን እኔ አጠበቅሁ። ስንመለስ መኪናዋ ድምፅዋ ተለውጦ ነበር፤ ነዳጅ ሲሰጣት ወፍራም ሰው ሲያንኮራፋ የሚመስል ድምፅ ከፊቷ ይወጣል። ጋሼ እስከ ፍኖተ ሰላም ድረስ ሬዲዮ አልከፈቱም።

አንድ ነገር ቀርቶ ነበር። ፊልትሮው ወረቀት ሳይሆን ጥጥ ነው፤ አቧራ የሚይዘው በላዩ ላይ በሚረጭ ስስ ዘይት ነው። የእንግሊዝኛው ወረቀት ስለ ዘይቱ ይናገራል፤ ካርቶኑ ውስጥ ግን ዘይቱ አልነበረም። ከአዲስ አበባ እስኪላክ እንጠብቅ ብዬ ነበር። በማግስቱ ጠዋት ስወጣ ቀዩ ጥጥ ወደ ቡኒ ተለውጦ ያብረቀርቃል። ጎንበስ ብዬ አሸተትኩት። የኑግ ዘይት ነው።

ጋሼ በሩ ላይ ቆመው ያዩኛል። እንዴት አገኘሽው አሉ።

የኑግ ዘይት እንደ ሞተር ዘይት አይደለም። በስሱ ተቀብቶ አየር ሲያገኘው ከኦክስጅን ጋር እየተዋሃደ ቀስ በቀስ ይጠነክራል፤ መጀመሪያ ይሙለጨለጫል፣ ቀጥሎ እንደ ሙጫ ይጣበቃል፣ በኋላ ቆዳ ያወጣል። ሙቀት ሲኖር ደግሞ ይፈጥናል። የዘይት ጀሪካን አፍ ላይ የሚደርቀውን ቢጫ ቅርፊት ያየ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። ይህን ሁሉ ለጋሼ በትሕትና ነገርኳቸው፤ ጥጡ አየር የሚያሳልፍበት ቀዳዳ ሊደፈን ይችላል አልኩ።

«የኔ ልጅ» አሉ፤ «በኑግ የተቀባ በር ሲጮህ ሰምተሽ ታውቂያለሽ? ጠፍር ያለሰልሳል፣ ኮርቻ ያለሰልሳል። ጥጥ ያቅተዋል?»

ማለስለሱ አይደለም፣ መድረቁ ነው አልኩ።

«በስንት ጊዜ ይደርቃል?»

በአንድ ቀን እንደማይደርቅ፣ በሰነበተ ቁጥር ግን እንደሚብስ ነገርኳቸው።

«እንግዲያው ነገ እንሄዳለን» አሉ።

ነገሩ እንደ ሐሳባቸው ቢሆን ኖሮ ምናልባት ምንም አይፈጠርም ነበር። በዚያው ምሽት ግን መንገድ ተዘጋ ተባለ። መንገድ ሲዘጋ መቼ እንደሚከፈት የሚነግር የለም፤ የሚሰማው ሲከፈት ነው። መኪናዋ ከሳምንት በላይ ግቢ ውስጥ ፀሐይ ላይ ቆመች። ጋሼም እንደ ልማዳቸው ጠዋት ጠዋት ሞተሯን እያስነሱ አሞቋት። ፊልትሮውን በጣቴ ስነካው መጣበቅ ጀምሮ ነበር። ታጥቦ በሌላ ዘይት ይቀባ ብዬ ደግሜ አሳሰብኩ፤ ጋሼ መድኃኒቱ እህታቸው ዘንድ ሊያልቅ እንደሆነ እያሰሉ ስለነበር የሰሙኝ አይመስለኝም። መንገድ ተከፈተ በተባለበት ጠዋት ሳሙናውን፣ ጨውንና መድኃኒቱን ጭነው ሞተር አስነሱ። እትዬ ከፊት ተቀመጡ፤ እግራቸው ሥር የእንጨት ታኮ አለ። ታኮ የቆመ መኪና እንዳይንሸራተት ጎማ ሥር የሚደረግ ሽብልቅ ነው። ከዚያ ከመንሸራተቱ ቀን ወዲህ እትዬ ያለ ታኮ መኪና አይገቡም። እኔ ከኋላ ተቀመጥኩ፤ የሄድኩበት ምክንያት ስለ ቱቦው የማውቅ እኔ ነኝ ተብሎ ነው።

ወሩ ታኅሣሥ ነበር፤ የውቂያ ወቅት። በአካባቢያችን ከአውድማ ይልቅ አስፋልት ይቀናናል የሚሉ ገበሬዎች አሉ። ዳጉሳውን አጭደው መንገዱ ላይ ያሰጡታል፤ የሚያልፈው መኪና በጎማው እየረገጠ ይወቃላቸዋል፤ በኋላ ገለባውን አንስተው ፍሬውን ይጠርጋሉ። ሚኒባሶቹ አንዳንዴ ጠርዙን ይዘው ያልፋሉ። ጋሼ አያልፉም። የተሰጣ እህል ሸሽቶ ማለፍ ለእሳቸው ሰው አይቶ ሰላም ሳይሉ እንደማለፍ ነው። ስለዚህ ዳጉሳ ባዩ ቁጥር ፍጥነት ቀንሰው መሐል ለመሐል ይረግጡታል፤ ባለቤቱ መንሹን ከፍ አድርጎ ሲያመሰግን ጋሼ ጡሩምባ ይነፋሉ።

አንደኛው ገበሬ ግን የድሮ የሥራ ዘመን ወዳጃቸው ሆኖ ተገኘ። መስኮቱ ላይ ተደግፎ ጤና ተጠያየቁ፤ የልጆቹን፣ የከብቶቹን፣ የዘንድሮን ምርት። ዳጉሳው እርጥበት ስለቀረው አልላቀቅ ብሎኛል አለ። ጋሼ ማርሹን ወደ ኋላ አስገቡ። ወደ ኋላ ረገጡት፣ ወደ ፊት ረገጡት፣ ደግሞ ወደ ኋላ። ገለባውና እብቁ ከጎማው ሥር እየተነሳ መኪናዋን እንደ ጉም ሸፈናት። ከፊት ያ የማንኮራፋት ድምፅ ይሰማል።

«አንቱ» አሉ እትዬ፣ «ዛሬ ልንሄድ ነው የወጣን ልንወቃ?»

«ሁለቱንም።»

«እንግዲያው ድርሻችንን በቁና ይስፈሩልን።»

ወዳጃቸው ሳቀና እግዜር ይስጥልን ብሎ ሸኘን። እኔ ስለ እብቁ አንድ ነገር ልናገር አስቤ ነበር፤ ግን ሰው ሲመሰጋገን መሐል ገብቶ ስለ ፊልትሮ ማውራት አይቻልም። ከአስፋልቱ ወጥተን ወደ ጠጠሩ ስንታጠፍ ጋሼ ደስ ብሏቸው ነበር፤ መኪናዋ ከድሮው ቀልላለች አሉ። እስከዚያ ድረስ መንገዱ ሜዳ ነው።

ዳገቱ ሲጀምር መጀመሪያ ደህና ወጣች። ከመጀመሪያው መታጠፊያ በኋላ በኋላው መስኮት ዞሬ ሳይ ጭሱ ግራጫ ነው። ከሁለተኛው በኋላ ጠቆረ። ጋሼ ማርሽ ቀነሱ። የማንኮራፋቱ ድምፅ ወደ ፉጨት ተለወጠ፤ አየሩ በጠባብ ቀዳዳ እየተጎተተ ነው ማለት ነው። እትዬ ታኮውን አንስተው ጭናቸው ላይ አድርገውታል። የላይኛው መታጠፊያ ይታያል፤ ከሱ በኋላ መንገዱ ይለዝባል። ጋሼ የቀራቸው ያቺን ያህል ርቀት ብቻ ነበር።

ሞተሩ መንገዳገድ ሲጀምር ጋሼ ወደ ላይ አዩ፣ ከዚያ ወደ እትዬ ጭን፣ ከዚያ ፍሬኑን ረገጡ። መኪናዋ ቆመች። ሞተሩ ግን አልጠፋም ነበር። የእጅ ፍሬኑን ሳቡ፣ እግራቸውን ከፍሬኑ ሳያነሱ «ውረጂ» አሉ። እትዬ ወርደው ታኮውን ከኋላ ጎማው ሥር አደረጉ። እኔም ድንጋይ ፈልጌ ሌላውን ጎማ ደገፍኩ። ትንሽ ቢገፉ ትወጣ ነበር ወይስ ሞተሩ ይጠፋ ነበር ብዬ ከዚያ ወዲህ ብዙ አስቤያለሁ። በስሌት የሚታወቅ ነገር አይደለም።

ጋሼ ሞተሩን ካጠፉ በኋላ «በቃ» አሉ። «ቆመች።»

ከመከላከያው ጀርባ እጄን አስገብቼ ፋሼታውን ፈታሁና ፊልትሮውን አወጣሁት። መሶብ ክዳን መምሰሉ ቀርቷል። ኑጉ እንደ ሙጫ ሆኖ እብቁን ይዞት፣ እብቁ አቧራውን ይዞት፣ ከላይ እስከ ታች እንደ በርኖስ የተዳመጠ ሆኗል። በጣት ሲጫኑት አይሰረጉድም። ጋሼ ተቀብለው አዩት።

«ከዚያ ሁሉ ዳጉሳ የደረሰን ይኼ ነው» አሉ።

እዚያው ማደር አይቻልም፤ ያለ ፊልትሮ መሄድም አይቻልም። የጠጠር አቧራ በቀጥታ ሞተር ውስጥ ከገባ እንደ ሞረድ ነው፤ በአንድ ጉዞ ብቻ ብዙ ያበላሻል። ይህን ስናገር እትዬ ነጠላቸውን ከትከሻቸው አውርደው ሰጡኝ። ጥጥ ነው፤ ከፈለግሽ እጠፊው አሉ። ድርብ አድርጌ አጠፍኩት፣ በቱቦው አፍ ላይ እንደ ከበሮ ወጠርኩት፣ ፋሼታውን በላዩ አጠበቅሁት። ነጠላ ለረጅም ጊዜ አይሆንም፤ እስከ ፈረስ ቤት ግን አቧራውን ይይዛል፣ አየሩንም ያሳልፋል። ጋሼ ሲያስነሷት ጭሱ ጥቂት ጠቆረና ሳሳ። እትዬ ግቢ ተብለው አልገቡም። ታኮውን ይዘው ከኋላ ጎማው አጠገብ እየተራመዱ ወጡ፤ እኔም ከጎናቸው። መኪናዋ ቀስ ብላ፣ ሳትንገዳገድ መታጠፊያውን አለፈች። እትዬ ቆም ብለው ትንፋሽ የሰበሰቡት ዳገቱ ጫፍ ስንደርስ ብቻ ነው።

የጋሼ እህት ደጃፋቸው ላይ ፀሐይ ሲሞቁ አገኘናቸው። መድኃኒቱ ካለቀ ቆይቷል። ጋሼ ውኃ አስመጥተው እዚያው አንዷን አስዋጧቸው። ከዚያ አጠገባቸው ተቀምጠው ነገሩን ነገሯቸው፤ መኪናዋ እንደምትሸጥ፣ ከእንግዲህ እስከ ፈረስ ቤት በአውቶቡስ፣ ከዚያ በበቅሎ እንደሚመጡ።

«ጉልበትህ ኮርቻ ይችላል?» አሉ እህታቸው።

«እታለም፣ ቃል ገብቻለሁ።»

ስንነሳ እህታቸው ወደ እትዬ ዞረው መቼ ትመጣላችሁ አሏቸው፤ ጋሼን አልጠየቁም። እትዬ መንገድ ከተከፈተ በወሩ አሉ።

ፍኖተ ሰላም ስንመለስ አሮጌውን ሳጥን ከከረጢቱ አውጥቼ መልሼ ገጠምኩት፤ አዲስ የወረቀት ፊልትሮ ገዝተን አስገባንበት፤ በፓራፋንጎው ላይ የቀረውን ቀዳዳ በጎማ ደፈንኩት። ጋሼ ለሙከራ እስከ ከተማው መውጫ ነዷትና መለሷት። ጭስ አልነበራትም። ከመጀመሪያውም ፊልትሮ መለወጥ ይበቃ ነበር ወይ ብሎ የጠየቀኝ ስለሌለ አላስረዳሁም። የአሉሚኒየሙን ቱቦ እትዬ ወስደው ጓሮ የአበባ መደገፊያ አድርገውታል፤ ቀጥ ስላላለ አበባውም ታጥፎ ነው የሚያድገው።

ነጋዴው ተጠራ። ጋሼ በፊቱ እንዲህ ነው ብለው የሆነውን ሁሉ አንድ ሳይቀር ነገሩት፤ ቆማለች፣ ያንተ ናት። እትዬ ቆመው ይሰሙ ነበር።

«የፈራሁት መቆሟን አልነበረም» አሉ። «የፈራሁት ወደ ኋላ መሄዷን ነው። አልሄደችም።»

«የተነጋገርነው ስለ መቆም ነው» አሉ ጋሼ።

«የተነጋገራችሁት እናንተ ናችሁ።»

ነጋዴው ወደ መሬት አየ። በሚቀጥለው ሳምንት ውል እንፈራረም ተባብለው ተለያዩ።

በእኛ አገር ባልና ሚስት አብረው ያፈሩት መኪና ሲሸጥ የሁለቱም ፊርማ ያስፈልጋል፤ ውልና ማስረጃ የሚባለው ቢሮ ሄዶ ሁለቱም መታየት አለባቸው። ነጋዴው በተቀጠረው ቀን መጣ። ጋሼ ኮታቸውን ለብሰው፣ መታወቂያቸውን ኪሳቸው ከተው፣ ወንበር ላይ ተቀምጠው ይጠብቃሉ። እትዬ ዛሬ ሚካኤል ስለሆነ ከቤተ ክርስቲያን በቀር የትም እንደማይሄዱ ተናገሩና ምሳ አቀረቡ። ነጋዴው በልቶ ተመለሰ። ሌላ ጊዜ መጣ፤ እትዬ ወገባቸውን ይዟቸዋል። ሌላ ጊዜ ሲመጣ ገብርኤል ነው። ጋሼ በየቀጠሮው ኮታቸውን ለብሰው ይጠብቃሉ፤ አንድም ቀን ዛሬ ትምጣ ወይም ትቅር አላሉም። ለመሸጥ ዝግጁ ስለነበሩ ቃላቸውን አላጠፉም። እትዬም አልፈርምም ብለው አያውቁም።

በመሐሉ ወሩ ሞላ፤ መድኃኒቱም አለቀ። ውሉ ገና ስላልተፈጸመ መኪናዋ የእነሱ ነበረች። ጋሼ ግን ሁለተኛ አልነዳትም ብለዋል፤ እትዬ ደግሞ መንዳት አይችሉም። አንድ ማክሰኞ እትዬ መድኃኒቱን ራሳቸው ገዝተው መጡና የፊት ወንበሩ ላይ አስቀመጡት። ታኮውንም አስገቡ። ከዚያ ገብተው ተቀመጡ፣ በሩን ዘጉ። ጋሼ ግቢው ውስጥ ሲንጎራደዱ ቆዩ። ብዙ ከቆዩ በኋላ ከእኔ ክፍል በር ላይ ቆመው፣ ማብራሪያ የምሰጥበት ነገር ይመስል፣ «እንግዲህ የታመመች ሰው እዚያ አለች» አሉኝ። እውነት ነው አልኩ። ሄዱና ሞተሩን አስነሱ።

ነጋዴው ለመጨረሻ ጊዜ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። መኪናዋ ታጥባ ቆማለች፤ ጎማዎቿ ላይ ግን የደጋው ቀይ አፈር አልለቀቀም። ዞር ዞር ብሎ አያት። ምሳ ቀረበ። ጋሼ ኮታቸውን ለብሰው ነበር። ነጋዴው አንድ ሁለት ጎረሰና ቀና አለ።

«እትዬ» አለ፤ «እባክዎ የማይከበር ቀን ካለ ይንገሩኝና በሱ ልምጣ።»

እትዬ ወጥ ጨመሩለት። «ብላ» አሉት፤ «ይቀዘቅዝብሃል።»

ነጋዴው በላ። ሲጨርስ እጁን ታጥቦ ጋሼን እጅ ነሣ፤ ቡሬ ሌላ መኪና እንዳየ፣ ሊያስመጣት እያሰበ እንደሆነ ተናገረ። ጋሼ ቃሌ እንዳለ ነው አሉት። አውቃለሁ አላቸው። ከሸኙት በኋላ ጋሼ ኮታቸውን አውልቀው ምስማሩ ላይ ሰቀሉና ኮፈኑን ሊከፍቱ ወጡ።